ከመገመት ወደ መጠየቅ፦ የሌላውን ሰው ዓለም ለማየት የሚረዳ የአስተውሎት ልምምድ

ሰው የሚያስከፋን ወይም ግራ የሚያጋባን ነገር ሲያደርግ፣ ምክንያቱን ከራሱ አንደበት ከመስማታችን በፊት በልባችን ወስነን እንጨርሳለን። ውሳኔው እጅግ ፈጣን ስለሆነ ውሳኔ መሆኑ እንኳ አይታወቀንም፤ በዓይናችን ያየነው እውነት ሆኖ ይሰማናል። ከዚህ በታች የሚቀርበው ልምምድ የሚያነጣጥረው በዚህች አጭር ቅጽበት ላይ ነው። የሌላውን ሰው ልብ ከሩቅ የማንበብ ችሎታ አያስገኝም፤ እንዲህ ያለ ችሎታ ያለው ሰው የለም። የሚያስገኘው የራስን ግምት ግምት መሆኑን ለይቶ የማወቅ፣ ለሌላ ምክንያት ቦታ የመተው፣ በመጨረሻም ባለቤቱን ራሱን ቀርቦ የመጠየቅ ልማድ ነው። የልምምዱ ክፍሎች ሁሉ የሚያመሩት ወደዚህ የመጨረሻ እርምጃ ስለሆነ፣ ከመካከል ላይ ማቆም ልምምዱን ጎዶሎ ያደርገዋል።

ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ ጉዳይ ይዘን እንሂድ፤ ዘመዱ በውጭ አገር የሚኖር ቤተሰብ ሁሉ የሚያውቀው ዓይነት ነው። ታላቅ ወንድም አዲስ አበባ ይኖራል፤ ታናሽ እህቱ ዋሽንግተን አካባቢ ናት እንበል። ወንድም የእናታቸው የመድኃኒት ወጪ መጨመሩን ጠቅሶ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ መልእክት ይልክላታል። መልእክቱ መነበቡን ስልኩ ያሳየዋል፤ መልስ ግን አይመጣም። በሦስተኛው ቀን «አይቼዋለሁ፣ እናወራለን» የሚል አጭር ጽሑፍ ይደርሰዋል። እስከዚያ ድረስ ወንድም መደምደሚያውን ጨርሷል፦ እህቱ ተለውጣለች፣ ሐሳቧ ሁሉ ስለ ራሷ ብቻ ሆኗል። እህትም የራሷ መደምደሚያ አላት፦ ከአገር ቤት የምትፈለገው ገንዘብ ሲያስፈልግ ብቻ ነው፣ «እንዴት ነሽ» ብሎ መልሱን የሚጠብቅ ሰው የላትም። ሁለቱ የሚዋደዱ ሰዎች ናቸው፤ ነገር ግን አንዱ የሌላውን ውሎ አያውቅም፣ አለማወቁንም አላወቀም።

ግምቱ ለምን ይቀድማል?

በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ጊዜ ያስተማረው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሊ ሮስ እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተመው ጽሑፍ፣ የሌሎችን ድርጊት ስንተረጉም ለጠባያቸው ከመጠን ያለፈ ክብደት፣ ለነበሩበት ሁኔታ ደግሞ ከሚገባው ያነሰ ክብደት የመስጠት ዝንባሌ እንዳለን ገልጾ፣ ይህንን ዝንባሌ መሠረታዊ የምክንያት አሰጣጥ ስሕተት ብሎ ሰይሞታል። እኛ ስናረፍድ መንገዱ ተዘጋግቶ ነው፤ ሌላው ሲያረፍድ ግን ቸልተኛ ስለሆነ ነው። የራሳችንን ሁኔታ ከውስጥ እናየዋለን፤ የሌላው ሁኔታ ግን ከዓይናችን የተሰወረ ነው፣ የሚታየን ድርጊቱ ብቻ ነው።

እዚያው ስታንፎርድ ኤልዛቤት ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1990 ለዶክትሬት ማሟያ ያቀረበችው ጥናት ይህንን ጉዳይ ማንም ሊረዳው በሚችል መንገድ ያሳያል። አንዱ ተሳታፊ አንድ የታወቀ ዘፈን መርጦ ዜማውን በጣቱ ጠረጴዛ ላይ ይመታል፤ ሌላው ሰምቶ የዘፈኑን ስም ይገምታል። መቺዎቹ አድማጮቻቸው ከዘፈኖቹ ግማሽ ያህሉን እንደሚያውቁ ጠብቀው ነበር፤ ከተመቱት 120 ዘፈኖች የታወቁት ግን 3 ብቻ ነበሩ። መቺው ጣቱን ሲያንቀሳቅስ ዘፈኑ ከነቃሉና ከነመሣሪያው በውስጡ ይሰማዋል፤ ለአድማጩ የሚደርሰው ደረቅ ኳኳታ ነው። በስልክ የሚላክ አጭር ጽሑፍም እንዲሁ ነው። እህት «እናወራለን» ብላ ስትጽፍ ድካሟ፣ ናፍቆቷና በቂ ጊዜ አግኝታ ለመደወል ያላት ሐሳብ ሁሉ በውስጡ አለ፤ ወንድም የሚያነበው ግን አንዲት ቃል ነው። ሙከራው በቤት ውስጥ በቀላሉ ሊደረግ ይችላል። ልጆች የሚያውቁትን የበዓል ዜማ በጠረጴዛ ላይ እየመቱ እርስ በርስ ቢጠያየቁ፣ ከብዙ ምክር ይልቅ ነገሩ ይገባቸዋል።

ለግምት መፍጠን ሌላው ምክንያት ጥድፊያ ነው። ጆን ዳርሊና ዳንኤል ባትሰን እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተሙት ጥናት በአሜሪካ የፕሪንስተን የሥነ መለኮት ተማሪዎችን የሚመለከት ነበር። ተማሪዎቹ አጭር ንግግር ለማድረግ ወደ ሌላ ሕንፃ ሲሄዱ፣ መንገድ ላይ ተጎሳቁሎ የተቀመጠና የሚያቃስት ሰው እንዲያጋጥማቸው ተደርጎ ነበር፤ ከተማሪዎቹ አንዳንዶቹ እንዲናገሩበት የተሰጣቸው ርእስ ራሱ የደጉ ሳምራዊ ምሳሌ ነበር። ጊዜ ከነበራቸው መካከል 63 በመቶ ያህሉ ሰውየውን ለመርዳት ሞክረዋል፤ ዘግይታችኋል ተብለው ከተጣደፉት መካከል ግን የረዱት 10 በመቶ ብቻ ናቸው። ለመርዳት የቆሙትና ሳይቆሙ ያለፉት ተማሪዎች የተማሩት አንድ ዓይነት ትምህርት ነበር። ስለዚህ ሌላውን ማየት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚያስፈልገው ቆም ማለት ነው፤ ልምምዱ በመቀመጥ የሚጀምረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

መቀመጥ

በአስተውሎት መቀመጥ በቡድሃ እምነት ውስጥ ለብዙ መቶ ዓመታት የኖረ ሥርዓት ሲሆን፣ ጆን ካባት ዚን የተባለው አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ሥር ሰደድ ሕመም ላለባቸው ሰዎች ሥልጠና አድርጎ ካቀረበው ወዲህ ከእምነት ነጻ በሆነ መልኩ በሆስፒታሎችና በትምህርት ቤቶች ተስፋፍቷል። ጸሎቱንና አርምሞውን የሚያከብር አንባቢ ይህ ነገር ከእምነቴ ጋር ይጋጭ ይሆን ብሎ ሊያመነታ ይችላል። እዚህ የሚጠየቀው ትኩረትን መሰብሰብ ብቻ ነው፤ ምንም የሚደገም ቃል፣ የሚታመን ነገር የለውም።

አሠራሩ ይህ ነው። ሰው የማይረብሽዎትን ጊዜ ይምረጡ፤ ለብዙዎች ከቤተሰቡ ቀድሞ የሚነሡበት ማለዳ ይስማማል። ወንበር ላይ ቀጥ ብለው፣ እግርዎን መሬት አስረግጠው ይቀመጡ። ዓይንዎን መጨፈን ካልተመቸዎት ከፊት ለፊትዎ ካለው ወለል ላይ ያሳርፉት። ትንፋሽዎ ሲገባና ሲወጣ በአፍንጫዎ ወይም በሆድዎ ላይ የሚሰማዎትን ይከታተሉ፤ አያፍጥኑት፣ አያዘግዩት። ሐሳብዎ መሄዱ አይቀርም። ወደ ወጪ፣ ወደ ሥራ፣ ወደዚያ መልስ ወዳልተሰጠው መልእክት ይሄዳል። መሄዱን ባወቁ ጊዜ ራስዎን ሳይወቅሱ የት እንደሄደ ብቻ ልብ ይበሉና ወደ ትንፋሽዎ ይመለሱ። «ተቆጣሁ»፣ «ልወቅሳት ነው»፣ «ፈራሁ» እያሉ ለመጣው ሐሳብ በውስጥዎ አጭር ስም መስጠት ይረዳል። 10 ደቂቃ ይበቃል።

በዚህ ደረጃ የሚገኘው ዋና ትርፍ ጸጥታ ነው ብለው የሚያስቡ ብዙዎች ናቸው። እኔ ግን ለተያዝንበት ጉዳይ ከጸጥታው የሚበልጠው ሌላ ነገር ነው ብዬ አምናለሁ፤ ይኸውም አንድ ሐሳብ ሲወለድ ማየት ነው። «ንቃኛለች» የሚለው ሐሳብ ከየት እንደመጣ ባላየነው ጊዜ እንደ ዜና ይደርሰናል። ደረት ሲጨብጠን፣ ከዚያ ቀጥሎ ሐሳቡ ሲመጣ ተቀምጠን ካየነው ግን ከራሳችን ውስጥ የወጣ መሆኑ ይገለጥልናል።

ይሁን እንጂ ትንፋሽን መከታተል ብቻውን ሌላውን ሰው ለመረዳት አያበቃም። በጀርመን አገር በላይፕዚግ በሚገኘው የማክስ ፕላንክ ተቋም በታኒያ ሲንገር መሪነት የተካሄደው ሪሶርስ የተባለ ጥናት፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ለ9 ወራት በሦስት ዓይነት ሥልጠና አሳልፏል፤ እያንዳንዱ 3 ወር የሚፈጅ ነበር። አንደኛው ትንፋሽንና አካልን በማስተዋል ላይ፣ ሁለተኛው በርኅራኄና ስሜትን በመቀበል ላይ፣ ሦስተኛው የራስንና የሌላውን ሐሳብ ከተለያየ ማዕዘን በማየት ላይ ያተኮረ ነበር። ትንፋሽን መከታተሉ የትኩረት ችሎታን አሻሻለ፤ የሌላው ሰው ሐሳብ ምን ሊሆን እንደሚችል የመረዳት ችሎታ የተሻሻለው ግን በሦስተኛው ሥልጠና ነው። መቀመጡ መሬቱን ያለሰልሳል፤ ዘሩ ሌላ ነው። ስለዚህ ለሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ ተቀምጠው ሐሳብዎ ሲሄድ ማወቅ ከለመዱ በኋላ ወደሚቀጥለው ይሻገሩ።

ያዩትንና የገመቱትን መለየት

አንድ ደብተር ያዘጋጁና ገጹን በመስመር ለሁለት ይክፈሉት። በአንደኛው ዓምድ በካሜራ ቢቀረጽ የሚታየውን ወይም የሚሰማውን ብቻ ይጻፉ፤ በሁለተኛው ከዚያ የተነሣ ያሰቡትን ይጻፉ። የወንድም ደብተር በአንደኛው ዓምድ «ማታ 2 ሰዓት ላይ መልእክት ላክሁ፤ ተነበበ፤ በሦስተኛው ቀን አጭር መልስ መጣ» ይላል። በሁለተኛው ዓምድ «ዘጋችኝ፤ የእናታችን ነገር አላሳሰባትም፤ ከእኔ ጋር መነጋገር አትፈልግም» የሚል ይሰፍራል።

ይህ በወረቀት ሲታይ ቀላል ቢመስልም በተግባር አስቸጋሪ ነው፤ ግምቱ ወደ አንደኛው ዓምድ ሾልኮ ይገባልና። «በንቀት መለሰችልኝ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ያየነውን የሚናገር ይመስላል፤ ንቀት ግን በካሜራ አይቀረጽም። «ሆን ብላ» የሚለውም እንዲሁ። አንደኛውን ዓምድ ደግመው ያንብቡና፣ እህት ራሷ ብታነበው «አዎ፣ ይህንን አድርጌአለሁ» ብላ ልትፈርምበት የማትችለውን ሁሉ ወደ ሁለተኛው ያዛውሩ። ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ዓምድ የሚቀረው ከሁለት ወይም ከሦስት መስመር አይበልጥም፤ የቁጣችን ግንብ ሁሉ የቆመው በእነዚያ መስመሮች ላይ መሆኑን ማየት ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ወደ ሌላው ሰው ቀን መግባት

አሁን ተቀምጠው ትንፋሽዎን ለጥቂት ጊዜ ከተከታተሉ በኋላ ያንን ሰው በዓይነ ኅሊናዎ ይጥሩት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «እኔ በእሷ ቦታ ብሆን ምን አደርግ ነበር?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው መልካም ቢመስልም ወጥመድ አለበት፤ በእሷ ወንበር ላይ የራሴን ጠባይ፣ የራሴን ጤናና የራሴን ዕድል ይዤ እቀመጥና «እኔ ብሆን ወዲያው እመልስ ነበር» ብዬ እፈርድባታለሁ። ዳንኤል ባትሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት፣ ራሳቸውን በሌላው ችግር ውስጥ አስገብተው እንዲያስቡ የተደረጉ ሰዎች ለተቸገረው ከማዘን ጋር የራሳቸው ጭንቀት እንደተቀሰቀሰባቸው፣ ያ ሰው ራሱ ምን እየተሰማው እንዳለ እንዲያስቡ የተደረጉት ግን በአመዛኙ ለእርሱ ማዘናቸው እንደጎላ አሳይተዋል። ስለዚህ ጥያቄው «ለእሷ ነገሩ እንዴት ነው?» የሚል ይሁን።

ይህ ጥያቄ የሚመለሰው በተጨባጭ ነገር ነው። ከስሜት አይጀምሩ፤ ከሰዓት ይጀምሩ። አዲስ አበባ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን ገና እኩለ ቀን ነው፤ እንደ ወቅቱ ከቀኑ 6 ወይም 7 ሰዓት ይሆናል። ወንድም ራቱን በልቶ ተረጋግቶ የጻፈው መልእክት እህትን የሚያገኛት በሥራ መካከል ነው፤ የሌሊት ተረኛ ከሆነች ደግሞ እንቅልፍ ላይ ያገኛታል። ከዚያ ወደ አካል ይሂዱ፦ ቆማ ነው ተቀምጣ የምትሠራው? በሰዓት የሚከፈላት ከሆነ የቀረችበት ሰዓት ከደመወዟ ይጎድላል። የቤት ኪራይ የምትከፍልበት ቀን መቼ ነው? ለእኛ ዘመድ የሚሰበሰብበት እንቁጣጣሽ ለእሷ ተራ የሥራ ቀን ነው፤ የእኛን የደስታ ድምፅ በስልክ እየሰማች አውቶቡስ ትጠብቅ ይሆናል። የእናቷ ሕመም ሲነገራት በአንድ ክፍል ውስጥ ብቻዋን ነው የምትሰማው፤ እጇን ይዛ የምታለቅስበት ሰው አጠገቧ ላይኖር ይችላል። መልእክቱን አንብባ ዝም ያለችው የምትመልሰው ስላጣች ሊሆን እንደሚችል በዚህ ጊዜ ወደ ሐሳብ ይመጣል።

እህትም በበኩሏ ወደ ወንድሟ ቀን መግባት ትችላለች። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ፣ ከ57 ብር ትንሽ ከፍ ይል የነበረው የአንድ ዶላር ይፋዊ ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከውጭ ሆኖ ለሚያይ ይህ የሚላከው ዶላር በእጥፍ የበረከተ ያስመስለዋል፤ «ያው የምልከው እንዴት አይበቃም?» የሚለው ጥያቄም ከዚህ ይነሣል። በአገር ቤት ግን ከውጭ የሚገባ መድኃኒትም ሆነ ሌላ ዕቃ የሚገዛው በዚያው ምንዛሪ ነው። ወንድም ማዘዣ ይዞ ከአንዱ መድኃኒት ቤት ወደ ሌላው ይዞራል፤ ሌሊት እናቱ ስታቃስት የሚነሣው እርሱ ነው፤ ታላቅ ሆኖ ሳለ ታናሹን ገንዘብ መጠየቅ ደግሞ የራሱ ሕመም አለው። መልእክቱ ደረቅ የሆነው ልመና እንዳይመስል ፈርቶ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ ጉብኝት በኋላ ወደ ደብተሩ ይመለሱና ለዚያው ድርጊት ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ምክንያቶች ይጻፉ። ከሦስቱ አንዱ ያ ሰው ራሱ ቢጠየቅ ሊናገረው የሚችል ዓይነት ይሁን። የትኛው ትክክል እንደሆነ አይወስኑ። ከሦስቱ ለአንዱ በጣም ካዘነበሉ፣ ያ ዝንባሌ ከማስረጃ የመጣ ነው ወይስ ቁጣዎን የሚመግብ ስለሆነ ብቻ ነው ብለው ይጠይቁ። አንዳንድ ቀን ከሦስቱ እውነተኛው መጀመሪያ የገመቱት፣ የሚያሳዝነው ሊሆን ይችላል፤ ልምምዱ ሰውን ሁሉ ደግ አድርጎ የመሳል ግዴታ የለበትም።

ሁለት ሆኖ መለማመድ

ከላይ በተጠቀሰው የላይፕዚግ ጥናት ተሳታፊዎች ብቻቸውን ብቻ አልነበረም የተለማመዱት፤ ከሌላ ተሳታፊ ጋር ሁለት ሁለት እየሆኑ በየቀኑ 10 ደቂቃ ያህል፣ አብዛኛውን ጊዜ በስልክ ይነጋገሩ ነበር። በሦስተኛው ሥልጠና ተናጋሪው በዕለቱ የገጠመውን ነገር ከውስጡ ካሉት ማንነቶች በአንዱ ዓይን፣ ለምሳሌ በሥጋት በተያዘው ወይም በፈራጁ ዓይን ይተርካል፤ አድማጩ በየትኛው እንደሚናገር ለመለየት ይሞክራል። አድማጩ በትረካው መካከል አስተያየት አይሰጥም፣ አይመክርም፣ ራሱን ነቅንቆ አያበረታታም።

ይህንን ከጓደኛ ወይም ከባለቤትዎ ጋር ሊያደርጉት ይችላሉ። ሰዓት ሞልተው ለ5 ደቂቃ አንዱ ይናገር፣ ለ5 ደቂቃ ሌላው። አጋርዎን የማይመለከት ተራ ጉዳይ ይምረጡ፤ የታክሲ ሰልፍ ወይም የቢሮ ስብሰባ ይበቃል። አንድ ሳምንት ያህል ከተለማመዱ በኋላ ያንኑ ጉዳይ በሌላኛው ሰው ዓይን ይተርኩት፦ ሰልፉን በወያላው ዓይን፣ ስብሰባውን በሰብሳቢው ዓይን። አድማጩ የሚይዘው ዝምታ በመጀመሪያ ያስጨንቃል፤ በእኛ ዘንድ የሚያዳምጥ ሰው «እህ»፣ «ወይኔ»፣ «አይዞህ» ማለቱ የጨዋነት ምልክት ስለሆነ፣ ዝም ሲባል የተጣላን ያስመስላል። አስቀድሞ መስማማት ይህንን ይፈታዋል።

መጠየቅ

የልምምዱ ራስ እዚህ ላይ ነው። ታል ኤያል፣ ሜሪ ስቴፈልና ኒኮላስ ኤፕሊ እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙትና 25 ሙከራዎችን በያዘ ጥናት፣ ሰዎች ራሳቸውን በሌላው ቦታ አድርገው እንዲያስቡ መደረጋቸው የሌላውን ሐሳብ ወይም ስሜት በትክክል የማወቅ ችሎታቸውን እንዳላሻሻለው አረጋግጠዋል፤ ያሻሻለው በቀጥታ ጠይቆ መስማት ነበር። ይህ ግኝት ከላይ ያለውን ሁሉ ከንቱ አያደርገውም። በጎ ሐሳብ ይዞ የሚያሰላስል ሰው ግን «አሁን ገብታኛለች» ብሎ ሳይጠይቅ የመቅረት አደጋ እንዳለበት ያስጠነቅቃል። በዓይነ ኅሊና የተደረገው ጉብኝት የሚጠቅመው የምንጠይቀውን ጥያቄ ስለሚያለሰልስና መልሱን ለመስማት ስለሚያዘጋጀን ነው።

መጠየቅ በእኛ ባህል ቀላል አይደለም። ትልቅ ሰው በቀጥታ አይጠየቅም፤ የቤት ነገር አይወጣም፤ ይሉኝታ አፍ ይይዛል። ይሉኝታ ስለ ሌላው የሚያስብ ይመስላል፤ በልብ ውስጥ የሚያመላልሰው ጥያቄ ግን «ስለ እኔ ምን ይባላል?» የሚል ነው፤ ትኩረቱ ከራስ አይለይም። በሌላ በኩል ይኸው ባህል ለመጠየቅ የሚሆን ሥርዓትም አቆይቶልናል። ለዕርቅ የተቀመጡ ሽማግሌዎች አንዱ ወገን ሲናገር ሌላው እንዳያቋርጥ ያደርጋሉ፤ ሁለቱን በየተራ ከሰሙ በኋላ ዘወር በሉ ብለው ይመካከራሉ፤ ከሰሙ በኋላ እንጂ ከመስማታቸው በፊት አይፈርዱም። በራሳችን ጉዳይ ላይ ሽማግሌ መሆን ከባድ ቢሆንም ቅደም ተከተሉን መዋስ ይቻላል።

ጥያቄው የራስን ስሜት በመግለጽ ቢጀምር፣ ግምቱን ግምት ብሎ ቢያቀርብ፣ ከዚያም በሰፊው ለመልስ ቢከፈት ይመረጣል። ወንድም «ለምን አትመልሺም?» ቢል ክስ ያቀርባል፤ ለክስ የሚሰጠው ደግሞ መከላከያ ነው። «እህቴ፣ መልስሽ ሲዘገይ ጨንቆኝ ነበር፤ አስቀይሜሽ ይሆን ብዬም አሰብሁ። ያን ሰሞን እንዴት ነበርሽ?» ቢል ግን ስለ ቀኗ ለመናገር በር ይከፍትላታል። እህትም «ጋሼ፣ እማዬን ይዘህ ሐኪም ቤት ስትመላለስ ውሎህ ምን እንደሚመስል ጠይቄህ አላውቅም፤ እስቲ ንገረኝ» ልትለው ትችላለች። ይህንን ንግግር በጽሑፍ ባያደርጉት ይሻላል፤ በጣት የተመታው ዜማ ነገር እንዳይደገም ድምፅ ለድምፅ ይገናኙ፤ ሰዓቱንም ለሁለቱም በሚመች ጊዜ አስቀድመው ይቀጣጠሩ። መልሱ ሲመጣ ከ10 ደቂቃው መቀመጥ የተገኘው ልማድ ሥራ ላይ ይውላል፦ በውስጥዎ የሚነሣውን «አይደለም፣ እንዲያ አይደለም» የሚል ድምፅ ልብ ይበሉት፣ ያሳልፉት፣ ወደምትናገረው ይመለሱ። ስትጨርስ የሰሙትን በራስዎ ቃል መልሰው ይንገሯትና «በትክክል ሰምቼሻለሁ?» ብለው ያጣሩ።

ልምምዱ የማይጠየቅበት ቦታ

ይህ ክፍል ሊታለፍ አይገባም። ባሏ የሚደበድባትን ሴት ወይም ፓስፖርቷን አሠሪዋ የያዘባትን በዓረብ አገር ያለች የቤት ሠራተኛ «እስቲ ነገሩን ከእነሱ አንጻር እዪው» ማለት በደል ላይ በደል መጨመር ነው። የተበደለ ሰው የበዳዩን አእምሮ ከማንም በላይ ያጠናል፤ ቁጣው መቼ እንደሚመጣ ማወቅ ለደኅንነቱ አስፈላጊ ነውና። የጎደለው እርሱን የሚሰማው ሰው ነው። ኤሚል ብሩኖና ርብቃ ሳክስ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት፣ በአሜሪካ ባሉ ሜክሲኳውያን ስደተኞችና ነጮች፣ እንዲሁም በእስራኤላውያንና በፍልስጥኤማውያን መካከል የተደረጉ ውይይቶችን መርምረው ነበር። ጉልበት ያለው ወገን ለሌላው የነበረው አመለካከት ይበልጥ የተሻሻለው የዚያን ወገን ችግር አዳምጦ በራሱ ቃል ሲመልስ ነው፤ ጉልበት የሌለው ወገን አመለካከት ግን የተሻሻለው ችግሩን ተናግሮ ሲሰማ ነበር። ስለዚህ አለቃ፣ ወላጅ፣ አስተማሪ ወይም ገንዘቡን የሚይዝ ሰው ከሆኑ ልምምዱን በራስዎ ላይ ይጀምሩት፤ ከእርስዎ በታች ካለው ሰው አይጠብቁት።

በተጨማሪም መረዳት መስማማት ማለት አይደለም። የወንድምን ድካም የተረዳች እህት «ከዚህ በላይ መላክ አልችልም» የማለት መብቷ እንደተጠበቀ ነው፤ እንዲያውም ተረድታ ስትናገረው ቃሉ ሳይሰብር ይደርሳል። የሌሎችን ሕመም ቀኑን ሙሉ የሚሰሙ ነርሶች፣ አስታማሚዎችና የእርቅ ሰዎች ደግሞ በሌላው ስሜት ውስጥ ለረጅም ጊዜ መቆየት እንደሚያደክም ያውቁታል። ኦልጋ ክሊሜኪና ታኒያ ሲንገር ባደረጉት ምርምር፣ የሌላውን ሥቃይ አብሮ በመሰማት ላይ ብቻ የተመሠረተ ሥልጠና መጥፎ ስሜትን ሲጨምር፣ መልካም በመመኘት ላይ የተመሠረተው ደግሞ ስሜቱን ሲያቃናው ታይቷል። ስለዚህ ጉብኝቱን ሲጨርሱ ወደ ራስዎ ትንፋሽ ይመለሱ፣ ለዚያ ሰው በጎውን ይመኙለት፣ ከዚያም ይነሡ። ሲቀመጡ የቆየ አስፈሪ ትዝታ የሚመጣብዎት ከሆነ ዓይንዎን ይክፈቱ፣ ልምምዱን ያቁሙ፤ ከሥነ ልቦና ባለሙያ ወይም ከሚያምኑት ሰው ጋር ሳይነጋገሩ ብቻዎን አይቀጥሉበት።

ደብተሩን መጠበቅ

ንግግሩ ካለቀ በኋላ በደብተሩ ሁለተኛ ዓምድ ከጻፉት ግምት ጎን የተነገረዎትን ምክንያት በሰውየው ወይም በሴትየዋ ቃል ያስፍሩ። ግምቱን አይሰርዙት፤ ቀኑን ብቻ ይጻፉበት። ንግግሩ ያልተሳካ ከሆነ፣ ማለትም ያ ሰው መናገር ካልፈለገ፣ ቦታውን ባዶ ይተዉትና ሦስቱን ምክንያቶች እንደያዙ ይቆዩ። ከጥቂት ወራት በኋላ ገጾቹን ሲያገላብጡ አንድ ዓይነት ግምት ለተለያዩ ሰዎች እየተደጋገመ መጻፉን ሊያዩ ይችላሉ፤ አንዱ በደብተሩ «ንቆኛል»፣ ሌላው በራሱ ደብተር «ረስቶኛል» የሚል ቃል በየገጹ ሲመላለስ ያገኛል። የሚደጋገመውን ቃል በክብ ምልክት ያክብቡት፣ በሚቀጥለው ማለዳ ሲቀመጡም በመጀመሪያ እርሱ በሰውነትዎ ውስጥ የት ላይ እንደሚሰማዎት ይፈልጉ።